ጠማማዎቹ ኳሶች

ሎርና ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ተክላ ጠማማ ጠማማውን በመምጠጫ ቱቦ እየመጠጠች ትደፋለች፤ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ወትፋዋለች። ከካንሰር ሴል የተሠሩ፣ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጡ ኳሶች ናቸው። ድቡልቡሉ ይቀራል፣ ጠማማው ገደል ይግባ። እዚያ ፒትስበርግ ላብራቶሪያቸው ውስጥ ይሄ "ቤት መጥረግ" ነው የሚባለው። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ለእሷም ያሳየቻት ከእሷ በፊት እዚያ ትሠራ የነበረች፣ አግብታ የሄደች ልጅ ናት፤ ያውም ያገባችው የአለቃቸውን ወንድም።

የደወለችው አኔካ ናት፣ ዊኒፔግ ሌላ ላብራቶሪ የምትሠራ። የሎርናን የካንሰር መድኃኒት ጥናት እንዳለ ልድገመው ብላ ወራት ፈጅታለች።

"መድኃኒቱ ያንቺን ኳሶች ፈጃቸው፤ የእኔን ግማሹን እንኳ አልነካውም። ምኑን ነው የሳትኩት?"

"ሴሎቹ የሚያድጉበት ጄል የየትኛው ምርት ነው?"

"ያንቺው ነዋ። የምርት ቁጥሩን ለምኜ ነው ያገኘሁት፤ ጽሑፍሽ ላይ መች አለ።"

"ታዲያ እጅሽ ይሆናላ።"

"አለቃዬም እንደዚያ ነው የሚለው። እጅሽ አይረባም ብሎ ዓርብ ሊያሰናብተኝ ነው።"

ሎርና ማዘን እንዳለባት ታውቃለች። ውስጧ ግን መርፌ እንደተወጋ ድድ ደንዝዟል። እጇ መምጠጡን አላቆመም።

"ከጠማማው ስንቱን ጣልሽ?"

"ይጣላል እንዴ?"

ሎርና መምጠጫውን አስቀመጠች። ጠማማዎቹ ወፍራም ናቸው፣ መድኃኒቱ እምብርታቸው ድረስ አይዘልቅም። እሷ ግማሹን ደፍታ ነው መድኃኒቱ ሠራ ያለችው። ጽሑፉ ላይ ደግሞ ስለ መድፋቱ አንድ ቃል የለም። ቤቱን የጠረገ ሰው ስለ ጉድፉ ለማን ያወራል?

አለቃዋ ሃንክ ሳንድዊቹን እያላመጠ ብቅ አለ።

"ማናት?"

"የዊኒፔጓ።"

"አልቅሳ አልወጣላትም አሁንም? የሴሎቹን ምግብ ትቀይር በያት። ያንን ጽሑፍ ከነካካን ደግሞ የምትጠብቂውን የመምህርነት ቦታ እርሺው፣ የኔ እመቤት።"

"እሺ።"

ሄደ። የሽንኩርቱ ሽታ ቀረ።

"ሎርና፣ አለሽ?"

"አለሁ።" አሁንም አልፈራችም፣ አላዘነችም። ጓንቷን አወለቀች። "አለቃሽ ቅርብ ነው?"

"ጎኔ ያለው ቢሮ ውስጥ ነው። ምነው?"

"ስልኩን ስጪው። የደፋሁትን እኔው ልንገረው።"