የውሻ እድር

«ጃክ! ና፣ ጃክ!»

ገብረ መድኅን ከቆርቆሮው አጥር ውጭ ቆሞ ሲጣራ ከውስጥ አራት ውሾች እየተጋፉ ወደ በሩ መጡ። አንዱ አንካሳ፣ አንዱ ጆሮ ቆራጣ፣ ሁለቱ ደግሞ ገና ከእከክ ያገገሙ። በነፋስ ስልክና በመካኒሳ መካከል ጃክ ያልተባለ ውሻ ቢፈለግ መገኘቱ ያጠራጥራል፤ ፈረንጅ በዓይናቸው ሳያዩ የሚሞቱ ጃኮች ሞልተዋል። የገብረ መድኅን ውሻ ግን በረቱ ጥግ እንደተጋደመ ቀረ። ጭራውን እንኳ አላነቃነቀም።

«የእርስዎ ጃክ የትኛው ነው?» አለች ሌንሳ፣ የበረቱ ኃላፊ፣ ከበሩ ወዲያ ሆና።

«ያ ቡናማው፣ ደረቱ ነጭ የሆነው። አሞታል እንዴ? ለምንድን ነው የማይነሳው?»

«ጤነኛ ነው ጋሼ። የማይነሳው ስሙ ጃክ ስላልሆነ ነው።»

ገብረ መድኅን ሰው «አቶ» ብሎ ካልጠራው ቅር ይለዋል፤ ቅር ይበለው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበር። ወንበሩን ሲያስረክብ ኃላፊነቱንም አብሮ ማስረከቡን የነገረው ሰው ያለ አይመስልም። በክራቫት ነው የሚውለው። ለውሻ ፍለጋም በክራቫት መጣ።

ቦታውን ሰፈርተኛው «የውሻ እድር» ይለዋል። የዛሬ ዓመት፣ በሰማንያ ስምንት ክረምት፣ የውሻ መርዝ ሊረጭ ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ የእንስሳት ጤና ረዳት የሆነችው ሌንሳ የጠፋውንም የተጣለውንም ውሻ እየለቀመች፣ አባቷ አቶ ዱጉማ ላሞቻቸውን ሸጠው ባዶውን ከቀረው በረት አስገባችው። በረቱ ከቤታቸው ራቅ ብሎ ወንዙ አጠገብ ነው። ጎረቤቱ መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ግን እጁን ዘረጋ፤ ልኳንዳ ቤቱ አጥንትና ጅማት ይልካል፣ ሆቴሎቹ ከገበታ የተረፈውን ቡሌ ያጠራቅማሉ፣ ወፍጮ ቤቱ ፉርሽካ ይሰጣል። አዲስ የመጣ ውሻ የእብደት ምልክት እንደሌለበት እስኪታይ ለብቻው ይታሰራል፤ ቁስሉ ይታጠባል፣ ይከተባል። ባለቤት ካልመጣለት ለሚፈልገው ሰው ይሰጣል። ታዲያ ገብረ መድኅን ይህን ሁሉ እያየ በየለቅሶ ቤቱ ድንኳን ምን ሲል ነበር? «ውሻም እድር ገባ፤ ነገ ደግሞ ቡቺ ሞታለችና ንፍሮ አዋጡ ይሉናል» እያለ ሲገለፍጥ ነበር። «የውሻ እድር» የሚለውን ስም ያወጣው ራሱ ነው። ይኸው አሁን ከእድሩ ደጃፍ ተገትሯል።

እዚህ ቤት ደግሞ ሕግ አለ። በፊት በፊት ባለቤት ነኝ ባይ ሁሉ ዳቦ ይዞ እየመጣ የሰው ውሻ አባብሎ ይወስድ ነበር። ስለዚህ ሌንሳ ዳቦም ፉጨትም ከለከለች። ባለቤቱ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ፣ ውሻው ቤት ውስጥ በሚጠራበት ስም ይጠራዋል። ውሻው ከመጣ ይወስደዋል፣ ካልመጣ ደህና ይዋሉ ነው።

ችግሩ ስሙ ላይ ነው። መቼም በእኛ አገር ለውሻ ስም የሚወጣው ለውሻው ተብሎ አይደለም፤ ለጎረቤት ነው። ፊት ለፊት የማይነገረውን ነገር ሰው በውሻው አሳብቦ ከአጥር ወዲያ ይወረውረዋል። አንዷ ውሻዋን «ምን አገባሽ» ትለዋለች፣ ሌላው «ይረሩ» ይለዋል። ጎረቤት ይሰማል፣ ይገባዋልም፤ ግን ምን ብሎ ይከሳል? የገብረ መድኅን ውሻ ስሙ «ሌባው» ነው።

ሌባ የተባለው ደግሞ ምስኪኑ ውሻ ሳይሆን አጥር የሚጋሩት አቶ ዱጉማ ናቸው። ገብረ መድኅን «ድንበሬን ገፉብኝ» ብሎ ከስሶ ቀያሾች አስመጣ። ቀያሾቹ ሜትራቸውን ዘርግተው ሲለኩ የተገፋው የአቶ ዱጉማ ድንበር ሆኖ ተገኘ፤ የገብረ መድኅን ሽንት ቤት ግማሽ ጎኑ ያረፈው እሳቸው መሬት ላይ ነበር። አቶ ዱጉማ «ተውት፣ የሰው ሽንት ቤት አስፈርሼ ምን ላተርፍ» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ሰው የሆነ ሰው እጅ ይነሳ ነበር። ይሄ ግን ኀፍረቱን መዋጥ ቢያቅተው ቡችላ አመጣና ሌባው አለው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት በተነሳ ቁጥር አጥሩ ሥር ቆሞ «ሌባው! ና ብላ፣ ሌባው!» ነው። አቶ ዱጉማ አንድ ቀን እንኳ መልስ ሰጥተው አያውቁም።

ሌንሳም ውሻውን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። ያ ስም በአጥር ላይ ሲወረወር እየሰማች ነው ቁርሷን የምትበላው። ገብረ መድኅንም ማወቋን ያውቃል። ያም ሆኖ ጃክ አለ፤ ዓይን አውጣ!

«ለጥበቃ ነው የምፈልገው» አላት አሁን ኮስተር ብሎ። ውሸቱን ነው። ሚስቱ ተሾመች ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት እሱ ሲገባ ደስ የሚለው ፍጡር ያ ውሻ ብቻ ነው። ማታ ማታ በሩን ዘግቶ፣ ጎረቤት እንዳይሰማው አንድም ቃል ሳይናገር አንገቱን ሲያሻሸው ያመሻል። ከጠፋበት ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎት፣ ሬዲዮ ከፍቶ ከሬዲዮው ጋር ሲነጋገር ነው የከረመው። ናፍቆታል።

በዚህ ላይ ሞልቱ የሚባል ሰው ፉሪ ካለ የብሎኬት ማምረቻ የዘበኛ ውሻ ሊወስድ መጥቶ፣ ገመዱን ክንዱ ላይ ጠምጥሞ በሩ ላይ ቆሟል። ቡናማውን ገና ሲያየው ወዶታል። ቀን በሰንሰለት፣ ማታ ለቀቅ እንደሚያደርጉት ለሌንሳ ነግሯታል። ባለቤቱ መጥቶ በስሙ ካልጠራው እሺ ብላዋለች።

ገብረ መድኅን በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቀ። አቶ ዱጉማ ከበረቱ መካከል ቁጢጥ ብለው ፉርሽካ በባልዲ ያሻሉ። ምነው ዛሬ እንኳ ከዚህ ባይገኙ ብሎ ተቃጠለ። ግቢው የማን መስሎታል?

«ስሚ ልጄ» አላት ሌንሳን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባትሽን ለአፍታ ወደ ቤት ላኪልኝ።»

«ለምን?»

«የግል ጉዳይ ነው።»

«ውሻ መጥራት የግል ጉዳይ ነው እንዴ? እርስዎ ጠዋት ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ አይደል የሚጠሩት?»

ወደ አጥሩ ቀዳዳ ተመለሰ። ከዚያ «ና የኔ ልጅ» ብሎ ሞከረ። «ማሙሽ» አለ። «ቡኒ፣ ቡኒዬ» አለ፤ ያ ሁሉ ክራቫት እንደ አባባይ ሞግዚት ተለሳለሰ። ውሻው አላወቀውም። ከዚያ አፍ የሚወጣ ለስላሳ ቃል ሰምቶ አያውቅም፣ በምን ይወቀው? ሞልቱ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ።

«በቃ፣ የእሳቸው አይደለም መሰለኝ» አለ ሞልቱ። «ታክሲ ሳይጠፋ ልውሰደው።»

ሌንሳ አንድ ጊዜ ገብረ መድኅንን አየችውና ለሞልቱ በሩን ከፈተችለት። ሞልቱ ገብቶ ገመዱን እየፈታ ወደ ጥጉ ሄደ። ውሻው ተነስቶ እጁን አሸተተ። ሞልቱ የገመዱን ቀለበት በአንገቱ ሊያጠልቅ ጎንበስ አለ።

«ሌባው» አለ ገብረ መድኅን በሹክሹክታ።

«አልሰማም ጋሼ» አለች ሌንሳ። «ቤትዎ እንደሚጠሩት ይጥሩት።»

ገብረ መድኅን ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ እንደየጠዋቱ ጮኸ።

«ሌባው!»

«አቤት» አሉ አቶ ዱጉማ።

ባልዲው ላይ እንደተጎነበሱ ነው፤ ቀና አላሉም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። የተጠራ ሰው እንደሚመልሰው መለሱ፣ ያ ብቻ ነው። ሞልቱ ነገሩ ሳይገባው ገመዱን እንደያዘ ቀረ። ውሻው ግን በእግሮቹ መካከል ሾልኮ በበሩ ተፈትልኮ ወጣና ገብረ መድኅን ደረት ላይ ተንጠለጠለ፤ እያለቀሰ፣ እጁንም ክራቫቱንም ይልስ ጀመር።

«ይኸው ጋሼ፣ የእርስዎ ነው» አለች ሌንሳ። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ይቅርታ የሚለው ቃል ገብረ መድኅን ጉሮሮ ድረስ መጣ። እዚያው ቆየ፣ እዚያው ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ «ነገ ተመለስ» ሲል የኖረ አፍ ከየት አምጥቶ ይቅርታ ይበል! እግዚአብሔር ይስጥልኝ እንኳ ማለት አቅቶት ፊቱን አዞረና መንገድ ጀመረ።

ጥቂት እንደተራመደ ውሻው ከኋላው እንደሌለ አወቀ። ዞር ሲል በተከፈተው በር ተመልሶ ገብቶ፣ አፍንጫውን አቶ ዱጉማ ባልዲ ውስጥ ቀርቅሮ ፉርሽካውን ይሰለቅጣል። ገመድ ይዞ መምጣት ትዝ ያለው ማን አለ? ገብረ መድኅን ሊጣራ አፉን ከፈተ።

አቶ ዱጉማ አሁን ቀና ብለዋል። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው፣ ረጋ ብለው፣ እስኪጠሩ ይጠብቃሉ።

ገብረ መድኅን አፉን ዘጋው። ተመልሶ ወደ በረቱ ገባ፣ አቶ ዱጉማ እግር ሥር ጎንበስ አለ፣ ፉርሽካና ጭቃ የተቀባውን ውሻ በሁለት እጁ ታቅፎ ተነሳ። ከበደው። ግማሹ ተንጠልጥሎ፣ ግማሹ ትከሻው ላይ ሆኖ፣ እያለከለከ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ዳገቱን ይዞ ወደ አስፋልቱ ወጣ።