ያልገጠሙት ሁለት ጥንዶች

የላቦራቶሪዋ አለቃ በራሷ የምትተማመን ሴት ናት። «ይመስለኛል» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ የሰማ የለም። ክሮሞዞም ስታይ ነው ፀጉሯ የሸበተው፤ ማይክሮስኮፕ ላይ ካቀረቀረች ጣሪያው ቢናድ ቀና አትልም። እናቷ ፊት ስትቀርብ ግን ያው ትናንት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ናት። ምን ታድርግ፣ እናት ናታ!

እናትየዋም የዋዛ አይደለችም። ጫማ ነጋዴ ናት። ሱቋ ከወለል እስከ ጣሪያ ካርቶን በካርቶን ነው፤ የቱ ጫማ የቱ ካርቶን ውስጥ እንዳለ ዐይኗን ጨፍና ትነግራችኋለች። ግራና ቀኙ የጥፍር ያህል ከተበላለጠ ፋብሪካውን ረግማ፣ ጫማውን ወደመጣበት ትመልሳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአለቃ ወንድም ሚስት ባረገዘች ቁጥር ያስወርዳታል። እናትየዋ ደግሞ አታዝንላት ነገር፣ «ከሷ ነው፤ የኛ ዘር ንጹሕ ነው» እያለች በሰፈሩ ነዛችው። አለቃ ነገሩ ሲያንገሸግሻት «በቃ፣ የሁላችሁም ደም ይመርመር» አለች። መጀመሪያ እጅጌዋን የሰበሰበችው ማን መሰላችሁ? እናትየዋ! «ደሜን ቅጂ! ንጹሕ ደም አይታችሁ አታውቁም፣ ዛሬ ታያላችሁ» አለች።

ውጤቱ ሲደርስ አለቃ በቅድሚያ ለባልና ሚስቱ የራሳቸውን ነገረቻቸው። ሚስትየዋ አንገቷን ደፍታ ሰማች። «ገብቶኛል» አለች። «ግን እናታችሁ በየበሩ ስሜን እያነሱ እዚህ አልኖርም። ካላመኑ ነገ ወላጆቼ ቤት ነኝ።» ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቷል። ወንድምየው ሻንጣውንም እህቱንም አፈራርቆ ከማየት ሌላ ምንም አልፈየደም፤ ቁመት ብቻ!

አለቃ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደች። እናቷ የተላቀቀ ሶል በማስቲሽ ታጣብቃለች።

«እማዬ፣ ሥራ አመጣሁልሽ» አለችና ባንኮኒው ላይ የወረቀት ቁርጥራጮች ዘረገፈች። ዘንድሮ ክሮሞዞም የሚያጣምረው ኮምፒዩተር ነው። እሷ ግን በወጣትነቷ እንደለመደችው ፎቶውን አትማ፣ እያንዳንዱን በመቀስ ቆርጣዋለች።

«ምንድን ናቸው? ትል አይመስሉም?»

«ክሮሞዞሞች ናቸው። ሕዋስ ለሁለት ሊከፈል ሲል ወፈር ብለው ይታያሉ። ያኔ ባለበት እናስቆመውና ፎቶ እናነሳቸዋለን። አርባ ስድስት ናቸው፣ ሁሉም ጥንድ አላቸው። በይ ግራና ቀኙን አገናኚልኝ።»

እናትየዋ መነጽሯን ሰካች። ርዝመታቸውን እያስተያየች፣ መስመራቸውን እያመሳከረች ታጣምር ጀመር። ደንበኛ ገብቶ አርባ ቁጥር ሲጠይቃት «የለም!» ብላ ሸኘችው፤ አርባ ቁጥር ከጀርባዋ ተደርድሮ።

«ሁለቱ ጥንዶች እምቢ አሉኝ» አለች በመጨረሻ። «እዚህ አንዱ አጥሯል፣ እዚያ አንዱ ረዝሟል። ቆይ፣ ቆይ! የዚህ ጫፍ ተቆርጦ እዚያኛው ላይ ተቀጥሏል እኮ!»

«አበጀሽ! የጠፋ ነገርስ አለ?»

«ምን ይጠፋል፣ ቦታ ተለዋወጠ እንጂ።»

«ለዚህ ነው ባለቤቱ ጤነኛ የሆነው። ልጅ ሲፀነስ ግን ከየጥንዱ አንዳንዱ ብቻ ነው የሚሄደው። አጭሩ ሄዶ ረጅሙ ከቀረ ፅንሱ ይጎድለዋል፣ አይጸናም። አጭሩና ረጅሙ አብረው ከሄዱ፣ ወይም ሁለቱ ደህነኞቹ ከሄዱ፣ ይጸናል።»

እናትየዋ ደረቷን ነፋች። «አላልኩሽም? አላልኩም? ይቺው ናት! ልጄን ይዛብኝ...»

«የሷ አይደለም። የሷ ሁሉም ገጥሟል።»

«ታዲያ የማን ነው?»

አለቃ አልጋው ላይ የተከፈተው ሻንጣ ታያት። «ያንቺ ነው፣ እማዬ። ለወንድሜ አጭሩንም ረጅሙንም አብረሽ ሰጠሽው፣ ተወለደ። አሁን እሱ ለልጁ ሲያስተላልፍ ነው የተቸገረው። ለኔ ደህነኞቹን ሰጠሽኝ።»

አለቃ ስድብ ጠበቀች፤ «ማሽንሽ ተበላሽቷል» የሚል ነገር። እናቷ ግን ወረቀቶቹን እያነሳች አየች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ እንደገና አነሳች። እንዳትክድ ራሷ ናት ያጣመረቻቸው።

«ታዲያ አይወልዱም ማለት ነው?» አለች፣ መነጽሯን አውልቃ።

«ይወልዳሉ እንጂ! ይዘገይ ይሆናል እንጂ ይወልዳሉ። እኔና ወንድሜ ከሰማይ ዱብ አልንልሽ እንዴ? ግን ሚስቱን ወሬሽ አስመርሯት ሻንጣዋን እየሸከፈች ነው።»

«ስልክሽን ስጪኝ።»

ለልጇ ሚስት ደወለች። «ልጄ፣ እኔ ነኝ። ሻንጣሽን ፍቺው። ከኔ ነው የመጣው፤ ካንቺ አይደለም። በየበሩ ያወራሁትን በየበሩ ሄጄ አስተባብላለሁ፣ ምላሴ ይቆረጥ!»

ከወዲያ በኩል ቀስ ያለ ድምፅ መጣ፦ «ታዲያ... እርስዎንም አስወርዶዎት ያውቃል?»

«አዎ። ከዚች ከልጄ በፊትም፣ ከሷ በኋላም። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አማቴ የዚያን ጊዜ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? አንቺን ያልኩሽን። ቃል በቃል።»

አለቃ ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። ወንድም ወይ እህት ሊሆኗት የነበሩ መኖራቸውን መስማቷ ገና ዛሬ ነው። ስልኩ ውስጥ ሚስትየዋ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች።

እናትየዋም እንባዋ እየወረደ «አልቅሺ፣ የኔ ልጅ» አለቻት። «አልቅሺ፤ እኔን አልቅሺ የሚለኝ ሰው አልነበረኝም።»