ሦስት ቁጥር

በ2000 ዓ.ም. አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ኢንተርኔት ቤት የከፈተችው ረይሐና አንዲት መስመር ለስድስት ኮምፒውተር ታካፍል ነበር። ከጠረጴዛዋ ሥር ያለው ማሽን የስድስቱን ጥያቄ ተቀብሎ በአንድ አድራሻ ወደ ውጭ ይልካል፤ መልሱ ሲመጣም ለየጠያቂው ያድላል። ውጭ ያለ ሰው የሚያየው ያንኑ አንድ አድራሻ ነው። ከጀርባው ማን እንደተቀመጠ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ጠዋት ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይገባ፣ የካሚልን ገጽ ትከፍታለች። የጎረቤቷ ልጅ ካሚል የአባቱን ሱቅ ጥሎ ጁባ ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የሚያነሳቸውን ፎቶዎች እዚያ ይለጥፋል። እንደምትወደው ሳትነግረው ነው የሄደው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

አንድ ቀን ኢሜይል ላከላት።

«ረይሐና፣ ገጼ ከየት እንደታየ የጎብኚ መቁጠሪያው ይነግረኛል። ከአርባ ምንጭ የሚመጣው ያንቺ ቤት አድራሻ ብቻ ነው፤ ጠዋት አንዴ፣ ከዐሥር ሰዓት በኋላ አንዴ። አባቴ ስሜ በቤቱ እንዳይነሳ ከልክሏል አሉ። በቀን ሁለቴ የምታስታውሺኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ደስታ ፊቷን አጋለው። ደጋግማ አነበበችው። ኋላ ነው የገባት፤ ከሰዓት በኋላ ገጹን ከፍታ አታውቅም።

ከስድስቱ የትኛው እንደከፈተው ለማወቅ የማሽኑን መዝገብ አየች። ሦስት ቁጥር ኮምፒውተር ነው። የካሚል አባት ሐጂ አብዱሰመድ የአስር ሶላት ሰግደው፣ «የጨርቅ ዋጋ ልይ» ብለው የሚቀመጡበት ጥግ። ጠጋ ስትል «በይ ወደ ሥራሽ!» ይሏታል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ብቅል የማይቀምሱትን ሐጂ ግን ሦስት ቁጥር አወጣቸው።

ዝም ብትል ምስጋናው ሁሉ የእሷ ነው። ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ሐጂ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሲወጡ አየችና ጻፈች።

«የጠዋቷ እኔ ነኝ። ከሰዓት የሚመጡት አባትህ ናቸው፤ ሦስት ቁጥር ላይ።»

በማግሥቱ ሐጂ ከጥጋቸው ጠሯት። «ልጄ፣ ይህን አንብቢልኝ፤ ዓይኔ እንባ ሞላው።»

ካሚል ገጹ ላይ የጻፈውን አነበበችላቸው። «አባባ፣ ሦስት ቁጥር ላይ እንዳሉ አውቄአለሁ። ለዒድ እመጣለሁ።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው። ከዚያ ለጠዋቷም የተጻፈ ነገር ካለ ብላ ገጹን እስከ ታች ድረስ ፈለገች። አልነበረም።

«ድገሚው እንጂ!» አሉ ሐጂ።

ደገመችው።