ለልሙጡ የተገዙ አራት ወንበሮች

ሰው የሚጻፈው በየትኛው ገጽ ነው? በግራው ነው በቀኙ? አያትየዋ ይህን ማሰብ ከጀመሩ ሳምንት ሆናቸው።

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ግቢው ውስጥ ያለው የእንጨት ሥራ ቤትና መኖሪያው አንድ ኪስ፣ አንድ ደብተር ነበራቸው። ምስማሩም፣ ዳቦውም፣ የልጅ ጫማውም ተከታትለው ይጻፋሉ፤ ከተረፈ ተመስገን ነው። አሁን ሂሳብ የተማረችው የልጅ ልጃቸው ሁለት ወፋፍራም መዝገብ ይዛ መጣች። ቤቱ ለብቻ፣ ሥራው ለብቻ። እያንዳንዱ ብር ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንዴ በቀኙ ገጽ ከየት እንደ ወጣ፣ አንዴ በግራው የት እንደ ገባ።

«ትልልቆቹ ድርጅቶች እኮ ያደጉት እንዲህ ነው፣ እማማ» አለቻቸው። «ነጋዴው ጓዳውን ከሱቁ ሲለይ ትርፉ ታየው። ከዚያ ገንዘብ ገንዘብ መውለድ ጀመረ።»

«ይውለድ፤ ብቻ አሳድጊልኝ ብሎ እኔ ጋ እንዳያመጣው!»

ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ያስጨነቃቸው ትንሹ ልጃቸው ነው። አናጺዎቹ «ልሙጡ» ይሉታል፤ እሱ አንድ ወንበር በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ ሌላው ሦስት ይጨርሳል። የእሱ ወንበር ዕድሜ ልክ ቢቀመጡበት አይነቃነቅም፤ አዲሱ መዝገብ ግን ለዚህ ዓምድ የለውም። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ገጽ ተከፍቶ፣ በልሙጡ ገጽ ወጪው ከገቢው በለጠ።

«እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» አለ ሥራውን የሚመራው ትልቁ ልጃቸው፣ የልጅቷ አባት። በገዛ ወንድሙ ላይ!

አያትየዋ ስለ ትንሹ ልጃቸው አሰቡ። ከዚህ ከወጣ ማን ይታገሠዋል? በማግስቱ የቤቱን አስቤዛ ከሚይዘው ቆርቆሮ ብር ቆጥረው ለጎረቤታቸው ለልብስ ሰፊዋ ሰጡ።

«የልሙጡን አራት ወንበር ግዥልኝ። ወንበሮቹም አንቺው ጋ ይቀመጡ። አደራ፣ ትንፍሽ እንዳትዪ!»

ስርቆት አልመሰላቸውም። ከአንዱ ኪሳችን ወደ ሌላው እንጂ የት ሄደ አሉ። ልሙጡም አራቱ ወንበሮች በአንድ ቀን መሸጣቸውን ሲሰማ፣ ያ ዝምተኛ ልጅ እያፏጨ መላግ ጀመረ። እሳቸውም ፉጨቱን በመስኮት እየሰሙ እፎይ አሉ።

በወሩ መጨረሻ፣ ሁለቱም ወንድማማቾች ባሉበት ምሳ እንደ ተነሳ፣ ልጅቷ ሁለቱን መዝገቦች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። በግንባሯ ላይ መስመር ወጥቷል።

«አንድ ነገር አልገባኝም። ከቤቱ ሂሳብ ብር ጎድሏል፤ ልክ የአራት ወንበር ዋጋ። ቀኑም ልብስ ሰፊዋ የገዛችበት...» ቀና ብላ አያቷን አየች። ገብቷታል፤ ግን ነገሩ ከአፏ ካመለጠ በኋላ ነው።

ትልቁ ልጅ ሳቁን መያዝ አልቻለም። «እማዬ! የራሳችንን ወንበር በራሳችን ብር ሸጥሽልን? ጉድ ነው! እኔ ደግሞ ገበያ አገኘ ብዬ ደስ ብሎኝ!»

«አንተ ዝም በል! የእኔ ጥፋት ነው፤ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም!» አያትየዋ ወደ ትንሹ ዞሩ። «ልጄ፣ እኔ እኮ እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው። ወንበሩማ ወንበር ነው፣ ማን አማረረ...»

ልሙጡ እናቱን አላያቸውም። ዓይኑ መዝገቡ ላይ፣ የእሱ ስም ባለበት ገጽ ላይ ቀረ። ቁጥሮቹን በጣቱ እየተከተለ እስከ ታች አነበበ፤ አራቱ ወንበሮች ሲቀነሱ ወጪው ዛሬም ከገቢው ይበልጣል። ከዚያ ተነስቶ ሽርጡን ፈታ፤ የእንጨት ብናኙን አራግፎ በጥንቃቄ አጠፈና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ልጄ?»

በሩን ከፍቶ ወጣ።