ጥቅም ያለው ሽማግሌ

ቲቸር ክፍሌ ለኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ከሥራ መልስ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምራል። አንድ ነገር ከያዘ የማይለቅ ሰው ነው። ሰሞኑን የያዛቸው ሁለት ቃላት ነበሩ፤ “አንኢንተረስትድ” እና “ዲስኢንተረስትድ”።

“የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው” ይላል። “የመጀመሪያዋ ነገሩ አይሞቃትም አይበርዳትም። ሁለተኛዋ ከልቧ ትከታተላለች፤ ከነገሩ የምታገኘው ጥቅም ግን የለም። ሽማግሌ መሆን ያለበት እንደ ሁለተኛዋ ነው።” ተማሪዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሱም በምሳሌው ኮራ።

በዚያው ሳምንት ጎረቤቱ እትዬ የሺመቤት ለሽምግልና ጠሩት። በራቸው ላይ ያለችውን ሱቅ የተከራየው የቬንቲሌተር፣ የአየር ማራገቢያ ጠጋኙ ሞሐሙድ አልወጣም ብሏቸዋል። ንፋስ የገነጠለውን የሱቋን ጣሪያ በራሱ ወጪ ሲሠራ “እስክትጠግብ ኑርባት” ብለውት ነበር፤ አሁን ሐሳባቸውን ቀየሩ። ክፍሌን ገለል አድርገው፣ “እሱ ከወጣልኝ ሱቋ የማርቲ ናት” አሉት።

ማርቲ የክፍሌ ልጅ ናት። ፋብሪካ ስትሰፋ ትውላለች፤ የራሷን ልብስ ስፌት ለመክፈት ያጣችው ቦታ ብቻ ነው። ክፍሌ ደስ አለው፣ ምን ይዋሻል! ለልጁም ሮጦ ነገራት።

እሁድ ጠዋት ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ዛፍ ጥላ ሥር ለሽምግልና ተቀመጠ። ባለጉዳዮቹ ተናግረው ሲጨርሱ አፉን ከፈተ፤ ያዘጋጀው ፍርድ ግን አልወጣ አለው። አፈረ።

“እኔን ተዉኝ። ሞሐሙድ ከወጣ ሱቋ ለልጄ ናት። እንዲወጣ እፈልጋለሁ” አለ።

እትዬ የሺመቤት መሬት መሬት አዩ። ሞሐሙድ ግን ሳቀ።

“አቦ ቲቸር፣ ቁጭ በል! የሌላውን ሰው ሆድ አላውቅም፤ ያንተን ግን ነገርከኝ። ወላሂ፣ አንተ ፍረድ።”

ቢያባርሩት ይሻለው ነበር። ጎረቤቶቹም “ፍረድ” አሉት። ላቡን ጠረገ፣ ሞሐሙድ የሠራውን ጣሪያ አየ፣ ደግሞ ላቡን ጠረገ።

“ቃል የእምነት ዕዳ ነው፤ ሞሐሙድ ይቀመጥ” አለ በመጨረሻ።

ቤት ሲደርስ ማርቲ በር ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር።

“እንዴት ሆነ?”

“ሞሐሙድ አይወጣም።”

“ማን ፈረደ?”

ጎረቤቶቹ ላይ ማላከክ ይችል ነበር። “እኔ” አላት።

“አንተ የማን አባት ነህ?” ብላው ገባች።