ከአዲጋላ የመጣው ሰም

ቀለምወርቅ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጅግጅጋ የመጣችው ጂኦግራፊ ልታስተምር ነው። ትንሽ ሠርታ ልትዛወር አስባ ነበር፤ ከተማውን ለመደችውና ቀረች። ሻማ መሥራት የጀመረችው በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ነው። ቤት ተቀምጣ የምትሠራው አጥታ ነበር። መብራት ደግሞ እንደልቡ ይሄዳል፣ ይመጣል። ከሱቅ የምትገዛው ሻማ ገና ሳይጋመስ ቀልጦ ጠረጴዛው ላይ ይተኛል።

ነገሩን ወደ ሥራ የቀየረችው ፋርቱን ናት። ፋርቱን ከቀለምወርቅ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው የተከራየችው፤ ገበያ ውስጥ ልብስና ሽቶ የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለቻት። አንድ ቀን ቀለምወርቅ የሠራችውን ሻማ አንስታ አሸተተችና፣

«ሽታ ጨምሪበት» አለቻት። «የኛ ሰው ቤቱ ጥሩ እንዲሸት ይወዳል። ክር እንኳን ባይኖረው፣ በትንሽ ምድጃ ላይ ቀልጦ የሚሸት ብቻ ቢሆን እገዛልሻለሁ።»

እንዲህ ተጀመረ። ቀለምወርቅ ፓራፊኑን ከነጋዴ በጥፍጥፍ እየገዛች፣ ድስት ውስጥ ድስት ከታ በፈላ ውኃ እንፋሎት ታቀልጠዋለች። እሳት በቀጥታ ከነካው እንደሚቃጠል አንድ መጋረጃ ካጣች በኋላ ተምራለች። ሽቶውን የምትጨምረው ሰሙ ትንሽ በረድ ሲል ነው፤ አለዚያ ሽታው ሁሉ ተንኖ ይሄዳል። ፋርቱን ትሸጣለች። ጅግጅጋ ላይ ሥራው ጥሩ ሄደ። ሽንሌ የላኩት ሻማ ግን በሙቀቱ እንደ ሙዝ ጎብጦ ተመለሰላቸው።

«የንብ ሰም ካልተቀላቀለበት አይሆንም» አለች ቀለምወርቅ። «እሱ ይጠነክራል፣ ሙቀት ይችላል።»

ገበያ ያገኙት የንብ ሰም ግን ስብ የተደባለቀበት ነበር፤ ሲነድ ቤቱን የጥብስ ቤት አስመሰለው። ያኔ ነው ፋርቱን፣ በማቅማማት፣ አዲጋላ ያለውን የአባቷን ወንድም ያነሣችው።

«አዴር ማሃሙድ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ግድግዳ ውስጥ ንብ አለ ሲል ሰምቻለሁ። ከሰፈረ ቆይቷል አሉ። ማንም አይነካውም።»

«ለምን?»

«እንጃ። አይነካውም፣ አለቀ።»

ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ሄዱ። ድሬዳዋ አድረው፣ በማግስቱ ሽንሌን አልፈው አዲጋላ ሲደርሱ አየሩ ከምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስል ነበር። ማሃሙድ ሽበቱን በሂና ያቀላ፣ ረጅም ሽማግሌ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ባቡር ላይ ስለሠራ አማርኛው የድሬዳዋ አማርኛ ነው። ቀለምወርቅን እንደ ልጁ ተቀበላት። ሰሙን ስታነሣበት ግን ፊቱ ተቀየረ።

«ሌላ ቦታ ንብ የለም እንዴ፣ ልጄ?»

«ንጹሕ ሰም አጣን፣ አባባ።»

ፋርቱንን አየት አደረገና ተነሣ። «የሚወሰደው ከውጭ በኩል ነው። ውስጥ አንገባም።»

ንቦቹ የሰፈሩት ከጣቢያው ጫፍ ባለች አንዲት የድንጋይ ክፍል ውስጥ ነው። ድሮ የፋኖስ ክፍል ትባል ነበር፤ ለምልክት የሚበሩት ፋኖሶችና ጋዙ የሚቀመጡት እዚያ ነው። በሯ ዝጓል፤ ከግድግዳው ግርጌ፣ መሬት አጠገብ፣ ድንጋይ የወለቀበት ቀዳዳ አለ። ማሃሙድ ጭስ ለቀቀበትና ክንዱን ወደ ታች እስከ ብብቱ አስገባ። ያወጣው የማር እንጀራ ያረጀ፣ የጠቆረ፣ ማር የሌለው ነበር። ደጋግሞ አስገብቶ ጆንያውን እስኪሞላ ድረስ አንዲት ንብ አልነደፈችውም። ጨርሶ ሲነሣ ክንዱን አሸተተና በመሬቱ አፈር ፈተገው።

ፋርቱን በዚህ ሁሉ ጊዜ ርቃ ሐዲዱ ላይ ቆማ ነበር። ሲመለሱ መኪና ውስጥ ቀለምወርቅ ለምን እንዳልቀረበች ጠየቀቻት።

«አባቴ እዚያ ክፍል ነበር የሚሠራው» አለች ፋርቱን። «ዐብዲጀባር ይባላል። ባቡሩ ሥራ ሲያቆም ሻንጣውን ይዞ ጅቡቲ ገባ። እዚያ ሌላ አግብቷል አሉ። ልጅ ነበርኩ።» ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ቀለምወርቅም አልገፋችበትም።

ሰሙን ማጣራት አድካሚ ነበር። ቀለምወርቅ እንጀራውን በውኃ ቀቅላ፣ በሻሽ ጨምቃ፣ ሲቀዘቅዝ ከላይ የሚንሳፈፈውን ሰም ሰብስባ፣ ከሥሩ የሚቀረውን ጥቁር ዝቃጭ በቢላ ፋቀች። ሰሙ የበሰለ ሙዝ ልጣጭ የመሰለ ቢጫ ወጣው። ማር ማር ይሸታል፤ ከማሩ ሥር ግን ቀጭን የጋዝ ሽታ ነበረው። ደጋግማ ብታጣራውም አልለቀቀም።

መጀመሪያ በዝርግ ትሪ አፈሰሰችው። ሲጠነክር ገልብጣ አወጣችውና ሥሩን ስታይ አንድ ጉድጓድ አገኘች፤ ከታች ወደ ላይ የገባ፣ ጣት የሚያክል። አየር ነው ብላ መልሳ አቀለጠችው። ሁለተኛው ላይ ጉድጓዶቹ በዙ። ትሪውን አገላብጣ አየች፤ ምንም የለበትም፣ ለጥ ያለ ነው። ለሻማ በፕላስቲክ ቱቦ ያፈሰሰችውም እንዲሁ ሆነ፤ የእያንዳንዱ ሻማ መቀመጫ ከሥር በአውራ ጣት የተገፋ ይመስላል። የራሷን አውራ ጣት ከተተችበት። ሰፋባት። ደግሞም ጉድጓዱ አጭር ነው፤ ጫፉ የተቆረጠ ጣት የሠራው ዓይነት።

ለፋርቱን አሳየቻት። «ቱቦው ይሆን?» አለች።

ፋርቱን ሻማውን ተቀብላ ሥሩን አየች። ብዙ አየች። ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣

«እኔ ባለሁበት ደግመሽ አቅልጪው» አለች።

እሑድ ቀን ነበር፤ ፀሐይ ወጥቷል፣ መስኮቱ ተከፍቷል፣ ከመንገዱ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል። ቀለምወርቅ ሰሙን ትሪው ላይ አፍስሳ ሁለቱም ግራና ቀኝ ቆሙ። ዳር ዳሩ መደብዘዝ ጀመረ። ፊቱ ቀጭን ቆዳ ያዘ። ከዚያ መሃሉ ከፍ አለ።

ቀለምወርቅ መጀመሪያ ዓይኔ ነው አለች። ቆዳው ከሥር ቀስ ብሎ ተገፋ፤ አንድ ጉብታ፣ ከዚያ አጠገቡ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። በአንሶላ ሥር ያለ እጅ አንሶላውን ወደ ላይ ሲገፋ እንደሚታየው፣ አራት ጣት ጎን ለጎን ተነሣ፤ ወደ ጎን ፈንጠር ብሎ ደግሞ አውራ ጣት፣ ጫፍ የሌለው። ገፋ፤ አረፈ፤ እንደገና ገፋ። ድምፅ የለውም። ትሪው እንኳን አልተነቃነቀም።

«አቦ» አለች ፋርቱን።

ቀለምወርቅ ቃሉን ታውቀዋለች፤ አባት ማለት ነው።

«ፋርቱን፣ ወዲህ ነይ። ተይው።»

«አውራ ጣቱን ፉርጎ ነው የቆረጠው። ሲቆጣኝ በዚህች ጣቱ ነበር ግንባሬን የሚገፋኝ።» እየሳቀች ነበር፤ እንባዋ ግን ይወርዳል። ቀለምወርቅ ሳትደርስባት እጇን ዘርግታ በጉብታው ላይ አኖረች። ሰሙ በጣቶቿ መሃል ገባና ያዛት። ቀለምወርቅ ወገቧን ይዛ ስትስባት ፋርቱን አልመጣችም፤ ሰሙ ገና ለስላሳ ነው፣ እጇ ግን ከትሪው አልላቀቅ አለ። ትሪው ከነጠረጴዛው ተከትሏቸው ተጎተተ። ሲለቃት ሁለቱም ወለሉ ላይ ወደቁ። የፋርቱን መዳፍ ቀልቷል። ቃጠሎ አይደለም፤ አጥብቆ የጨበጡት ሰው እጅ ነው የሚመስለው።

ከዚያ ቀን በኋላ ፋርቱን ሱቅ መክፈት ተወች። ቀለምወርቅ ወደ ቤት ስትመለስ ፋርቱንን በሩ ላይ ቆማ ታገኛታለች።

«አንዴ ብቻ አቅልጪልኝ።»

«አላቀልጥም።»

«ምን አደረገሽ? እኔን ነው የፈለገው። አባቴ ነው።»

«እየገፋ እኮ ነው፣ ፋርቱን! አላየሽም? ሰላም ሊልሽ አይደለም። ሰው እንደዚያ የሚገፋው መውጣት ሲፈልግ ነው።»

ይህን ከአፏ ካወጣች በኋላ ራሷ ደነገጠች። ፋርቱን ቀስ ብላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

«የፋኖሱ ክፍል ወለል ሥር የጋዝ ጉድጓድ ነበር» አለች በመጨረሻ። «በርሜሎቹ የሚቀመጡበት። ልጆች ሆነን እዚያ እንዳንቀርብ አባቴ ይከለክለን ነበር። የብረት ክዳን አለው።»

ለማሃሙድ ደወሉለት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ «ኑ» አለ።

ሲደርሱ ማሃሙድ ጎረቤቶቹን፣ አንድ ሼክና የቀበሌውን ፖሊስ ይዞ ጠበቃቸው። በሩን ሰበሩት። ውስጡ ጨለማ አልነበረም፤ ጣሪያው ተበስቶ የፀሐይ ብርሃን እዚህም እዚያም ወርዶበታል። ከባዱ የፋኖስ መደርደሪያ ከነብረቱ ተገንድሶ ወለሉ ላይ ተዘርሯል። እሱን አንሥተው ከሥሩ ክዳኑን አገኙት። ክዳኑ ሲከፈት ንቦቹ ወጡ፤ እንደ ጢስ፣ ያለ ቁጣ፣ በሰዎቹ መሃል አልፈው በጣሪያው ቀዳዳ ሄዱ። ፋርቱን ወደፊት ሄዳ እንዳታይ ቀለምወርቅ ክንዷን ይዛት ነበር፤ እሷ ራሷ ግን አየች። የክዳኑ ውስጠኛ ፊት በሰም ተሸፍኗል። ሰሙ ሁሉ የእጅ ምልክት ነው፤ በምልክት ላይ ምልክት፣ አንዱ ሌላውን እየረገጠ።

ዐብዲጀባር ከሥር ነበር። ሻንጣው አጠገቡ ነው።

ፖሊሱ አይቶ፣ ጠይቆ፣ አደጋ ነው አለ፤ የቀረውን ጋዝ ሊያወጣ ወርዶ መደርደሪያው ከላይ ክዳኑ ላይ ሳይወድቅበት አልቀረም። ባቡር ቆሟል፣ ሰው ከጣቢያው ሄዷል፤ ማን ይስማው? ማሃሙድ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ «ጅቡቲ አየሁት ያለኝን ሰው አመንኩት» ይላል፤ ደጋግሞ ይኸንኑ ይላል። ያን ቀን ከሰዓት ሶላት ሰግደውበት ቀበሩት።

ለእናቷ ለኢልዋድ የነገረቻት ፋርቱን ናት። ኢልዋድ ቀብሪበያ ነው የምትኖረው፤ ፍየል እየነገደች ልጆቿን ያሳደገች፣ ድምፀ ጎርናና ሴት። ባሏ ጥሏት እንደሄደ ነበር የምታውቀው፤ ስሙን ያለ እርግማን አንሥታው አታውቅም። ፋርቱን ስትነግራት አላለቀሰችም፤ ፍየሎቿን አጠጣች አሉ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ኢልዋድ ወደ ቀለምወርቅ ደጅ መጣች። ብቻዋን ነው የመጣችው።

«አስተማሪዋ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እማማ። ይግቡ።»

«ሰሙ አለ?»

ቀለምወርቅ የተረፈውን ጥፍጥፍ በጨርቅ ጠቅልላ አልጋ ሥር አስቀምጣው ነበር፤ መጣልም ማንደድም አቅቷት። አቀለጠችው። አፈሰሰችው። ኢልዋድ በርጩማ ስባ ትሪው ፊት ተቀመጠች።

ሰሙ ዳሩ ደበዘዘ፤ ቆዳ ያዘ፤ መሃሉም ደበዘዘ። አልተነሣም። እንደ መስታወት ለጥ እንዳለ ጠነከረ። የጋዝ ሽታው እንኳን የለም። ቀለምወርቅ በልቧ እፎይ አለች፤ ወዲያው ደግሞ የሴትየዋን ፊት አይታ አፈረች።

«ተቀበረ፣ እማማ። አረፈ።»

«አውቃለሁ።» ኢልዋድ ዓይኗን ከሰሙ አልነቀለችም። «በየቀኑ ነው ስሰድበው የኖርኩት። እሱ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ። አንድ ቃል ልለው ነበር የመጣሁት።»

በሶማሊኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ አጭር ነው፣ ቀለምወርቅም ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀችም። ከዚያ መዳፏን በጠነከረው ሰም ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይሞቃል» አለች።

ቀለምወርቅ ከጎኗ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው። ሰሙ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል።

«አዎ፣ ይሞቃል» አለቻት።

ኢልዋድ ጥፍጥፉን በሻሿ ጠቀለለችው። ቀለምወርቅ እስከ መንገድ ሸኘቻት፣ ባጃጅ አስቆመችላት። ሴትየዋ ገብታ የጠቀለለችውን ጭኗ ላይ አኖረች፤ ባጃጁ ሲነሣ እንዳይነቃነቅ በሁለት እጇ ደግፋው ነበር።

ቀለምወርቅና ፋርቱን ሥራውን ቀጥለዋል። ወደ ሽንሌ አሁን አይልኩም፤ ፓራፊን ብቻ ነው የሚያቀልጡት፣ ለጅግጅጋ ይበቃል። ሰሙን አፍስሳ እስኪጠነክር የምትጠብቀው ቀለምወርቅ ናት። ፋርቱን በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ አትቆምም፤ ውጭ ወጥታ የሆነ ነገር ታጥባለች፣ ወይም ከልጆች ጋር ትጫወታለች፣ እስክትጠራትም አትመለስም።