ዴልፊንን ደረጃ ላይ ያቆመው ቲሸርት

«ውይ፣ ቁርጥ እሷን!» አለች አንዷ ጎረቤት፣ የቲሸርቱ ካርቶን ሳሎን መሃል ሲከፈት። «ስታምር! የኔ እናት!»

አሞስ መስኮቱ ስር ካለው ሶፋ ላይ ሆኖ የፕላስቲኩን መንኮሻኮሽ ሰማ። ከዚያ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሁሉ ባንዴ «ውይ» ማለት ጀመረ። አንዷ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። የሟቿ ሚስቱ፣ የዴልፊን፣ የአክስት ልጅ ዴሻውን ከካርቶኑ አንድ ቲሸርት አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አኖረለት።

«ያንተ ነው፣ አሞስ። ትልቁን ልክ ነው ያደረግሁልህ።»

አሞስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይኑ አያይም። ቲሸርቱን ጭኑ ላይ ዘረጋና በጣቶቹ ዳሰሰው። ከላይ እስከ ታች ልሙጥ ነው።

በኛ ሰፈር፣ እዚህ ምዕራብ ፊላደልፊያ፣ ሰው ሲሞት ፎቶው ቲሸርት ላይ ታትሞ ዘመድ ወዳጁ እሱን ለብሶ ካልሸኘው፣ ለቅሶው ለቅሶ አይባልም። ጥቁር ልብስማ ማንም አለው። ዴሻውን ደግሞ የዚህ ሥራ ጌታ ነው። ስንቱን የሰፈር ልጅ ክንፍ ቀጥሎ፣ ደመና ላይ አስቀምጦ ሸኝቷል። የአክስቱን ልጅ ዴልፊንን ሲሠራማ እንዴት እንደሚጠበብ አስቡት።

«ምን ይላል?» አለ አሞስ።

«ስሟን ነዋ። የተወለደችበትንና ያረፈችበትን።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ... ያው የተለመደው ነው።»

«የተለመደው ምንድን ነው?»

አንዷ ሴትዮ «ማካሮኒው ሳይቀዘቅዝ ላቅርብላችሁ» ብላ ተነሣች። ሰው ሲጨንቀው ወደ ምግብ ይሮጣል፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ የሟቿ ወጥ ቤት የተጠበሰ ዶሮና የስኳር ድንች ኬክ ሞልቶት፣ ሳህን ማሳረፊያ ጠፍቶ ነበር።

አሞስ ነገሩ አላማረውም። ዴልፊን ያለችበት ቤት ውስጥ «ምን ይላል?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። እሷም ቲሸርት አታሚ ነበረች፣ እዚሁ ቤት ጋራዥ ውስጥ። ለሱ ስትል ፊደሎቹን ሲሞቅ በሚያብጥ ቀለም ነበር የምታወጣቸው፣ በጣቱ እንዲያነባቸው። ገዢዎቹም እያበጠ የሚታየውን ፊደል ወደዱትና የሷ ምልክት ሆኖ ቀረ። ከኛ ሰፈር አልፎ፣ በየከተማው የአካል ጉዳተኞች ሰልፍ ሲወጡ ደረታቸው ላይ የዴልፊን ቃል ነበር። «አታድንቁኝ፤ አሳልፉኝ» የምትለዋን ያልለበሰ የለም።

የተገናኙትም በቲሸርት ነው። ክረምት ነበር፤ አሞስ በትሩን ይዞ ፌርማታ ላይ ቆሟል። አውቶብሱ ሲመጣ ሾፌሩ አንዷን ሴት «የዊልቸር ማንሻው ሊፍት ተበላሽቷል፣ የሚቀጥለውን ጠብቂ» ሲላት ሰማ። የሴትየዋ ዊልቸር ጎማ አስፋልቱን ሲፍቅ፣ ከዚያም ድምፁ ከአውቶብሱ ፊት ለፊት ሲቆም ሰማ።

«ደረቴን አንብበው!» ትላለች ሾፌሩን። «‹የተበላሸሁት እኔ አይደለሁም፣ ሊፍቱ ነው!› ካላነበብከው አልነሣም!»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። እሷ ምን በወጣት!

«አንተ ባለበትሩ!» አለች። «ምን ይገትርሃል? ና ከጎኔ ቁም፣ ሁለት እንሁን!»

ለምን እንደሄደ እስከ ዛሬ አያውቅም። ሄዶ ቆመ። ፖሊሶች መጡ፤ ግን ወንበሯን የሚጭን መኪና አልነበራቸውም። እሷን ትተው እሱን ብቻ ጭነው ሄዱ። እስኪፈቱት ድረስ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ በዚያ ብርድ ቁጭ ብላ ጠበቀችው።

«በኔ ፈንታ የታሰርከው አንተ ነህ?» አለችው። «እንግዲህ ልታገባኝ ነው።»

ከእንዲህ ዓይነቷ ሴት ጋር ነው የኖረው።

ማካሮኒው ታድሎ ሳያልቅ በሩ ላይ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ቤርኒስ ናት፣ የዴልፊን ጓደኛ፣ በባትሪ በሚሄደው ወንበሯ። ቤርኒስ ስታወራ ቃላቷ እየተጎተቱ ነው የሚወጡት፤ ሳትጨርስ የሚያቋርጣትን ግን ምላሷ አይምረውም። ሳሎኑ መሃል ደርሳ ቆመች።

«ቲሸርቱ ላይ ያለችው ይቺ ማናት?»

«ዴልፊን ናት እንጂ» አለ ዴሻውን።

«ፊቷንማ አወቅሁት። እግሩ የማን ነው?»

«ከኢንተርኔት ነው» አለ ዴሻውን፤ ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«ወንበሯስ?»

«እሱን... ደመና አደረግሁበት።»

ቤርኒስ ወደ አሞስ ዞረች። «ማንም አልነገረህም አይደል? እኔ ልንገርህ። ነጭ ቀሚስ አልብሰዋታል። ታኮ ጫማ አጥልቀውላታል። አቁመዋታል፣ አሞስ። ደረጃ ላይ። ወደ ሰማይ የሚወጣ ረጅም ደረጃ። ከሥሩ ‹አሁን በእግሯ ትሄዳለች› ይላል።»

«ደረጃ?» አለ አሞስ።

«ደረጃ።»

አሞስ መጀመሪያ ሳቀ። ሆስፒታል ተኝታ ሳንባዋ ሲጮህ የነገረችው ትዝ ብሎት ነው፤ «ስማ፣ መንግሥተ ሰማያት በር ላይ ደረጃ ካለ ተመልሼ ነው የምመጣው፤ ራት አስቀምጥልኝ» ብላው ነበር። ከዚያ ሳቁ ተሰበረና ከሞተች ጀምሮ ያላለቀሰውን ለቅሶ በሰው ፊት አለቀሰው።

«ማን ነው እንዲህ ሥራ ያለህ?» አለ ሲወጣለት።

«እኔ ነኝ። ልጁን ተወው» አለ ድምፅ ከወጥ ቤቱ በር። የዴልፊን እናት ሚስ አይዴላ ናቸው።

«እማማ...»

«ቆይ። ሚስትህን ነው ያጣኸው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ያቺን ልጅ በሆዴ ተሸክሜ፣ ከተወለደች በኋላ ደግሞ በጀርባዬ ተሸክሜ፣ አንድ ቀን ቆማ ልያት ብዬ ጉልበቴ እስኪላጥ የለመንኩ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ብቻ! ሳላያት ሄደች። በሥዕል እንኳ ልያት? እሱም ይከለከላል?»

ቤርኒስ ወንበሯን ወደ ኋላ ስባ መንገድ ለቀቀችላቸው።

«እማማ» አለ አሞስ፣ ቀስ ብሎ። «እኔ በእግሯ የምትሄድ ሴት አላገባሁም። ቅዳሜ እዚያ ቤተክርስቲያን የምትቀበረውን ሴት አላውቃትም። ዕድሜዋን ሙሉ ‹የጎደለኝ ነገር የለም› ስትል ኖረች፤ አፏ ሲዘጋ ‹አይ፣ ጎድሎሽ ነበር› ልንላት ነው? ያ ሁሉ ሰው ይህን ለብሶ ሲቆምማ ሁለተኛ መግደል ነው። እኔ አልለብሰውም።»

«ባሏ ካልለበሰው ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል።»

ሚስ አይዴላ ተመልሰው ወጥ ቤት ገቡ። እንግዶቹም አንድ በአንድ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እያሉ ወጡ።

ሚስ አይዴላ ከልጃቸው ከዴልፊን ጋርም በዚሁ ነገር ተጣልተው ነበር። ዴልፊን ወጣት ሳለች ቤተክርስቲያናቸው በር ላይ ደረጃ ነበረ፤ ዲያቆናቱ በየእሁዱ ከነወንበሯ አንጠልጥለው ያስገቧት ነበር። አንድ እሁድ እንግዳ ሰባኪ መጣና፣ ሳይጠይቃት ግንባሯን ዘይት ቀብቶ «ተነሺ!» እያለ ጮኸባት። አልተነሣችም። ሰባኪው «እምነት ጎድሏታል» አለ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት። በሚቀጥለው እሁድ ዴልፊን ከውጭ፣ ከደረጃው ሥር ቁጭ አለች። ማንም እንዲነካት አልፈቀደችም። ደረቷ ላይ በገዛ እጇ ያተመችው ነበር፦ «ጸሎቱን ተዉት፤ ደረጃውን አንሱት።»

ሰው ምን አላለም! ሚስ አይዴላ በኀፍረት በጎን በር ሹልክ ብለው ወጡ። ዴልፊን ግን በሚቀጥለውም እሁድ መጣች፤ ዝናብም ዘነበ፣ መጣች። ቆይቶ ከጎኗ ቤርኒስ ተቀመጠች፣ ከዚያ ጉልበታቸው እምቢ ያላቸው አሮጊቶች ተጨመሩ። በመጨረሻ ቤተክርስቲያኑ ተሸነፈና ከደረጃው ጎን ዳገታማ መግቢያ ሠራ። ሚስ አይዴላ ግን ልጃቸው የምታትምበትን ጋራዥ ዳግመኛ አልረገጡም። «ጸሎትሽን ተዪ አለችኝ» ይሉ ነበር፣ ለጠየቃቸው ሁሉ።

ዓርብ ጠዋት አሞስ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጦ፣ ቀለሙን እያሸተተ፣ የነገው ነገር እንዴት እንደሚሆን ሲያወጣ ሲያወርድ በሩ ተከፈተ። እርምጃውን አወቀው። ሚስ አይዴላ ገቡና ገመድ ላይ የተሰቀሉትን ቲሸርቶች እያንቀሳቀሱ በለሆሳስ ማንበብ ጀመሩ።

«‹ወንበሬን ሳታስፈቅድ አትግፋ፤ እናትህ እንዲህ አላሳደገችህም።› ወይ ይቺ ልጅ!» ሳቅ አመለጣቸው። «አሞስ፣ ያ መግቢያ የተሠራ ዕለት ማንም ሳይነካት ብቻዋን እየነዳች ገባች። እኔ ከፊት ነበርኩ። ዞር ብዬ አየኋት። አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ ንግሥት እኮ ናት የምትመስለው! ደረቴ ሊፈነዳ ነበር በኩራት።»

«ነገሯት?»

«ምን እነግራታለሁ፣ ኩርፊያ ላይ አይደለን!»

ሁለቱም ሳቁ። ሚስ አይዴላ ቀጠሉ።

«ሌሊቱን ያንን ሥዕል ሳየው አደርኩ። ቆማለች። ታምራለች። ግን አትቆጣኝም፣ አትቀልድብኝም። ዝም ብላ ደረጃ ላይ ቆማለች። ያቺን ሴትዮ እኔም አላውቃትም።» አፍንጫቸውን ተናፈጡ። «ያም ሆኖ መጣል አልችልም፣ አሞስ። ስለምነው የኖርኩት ነው። አልችልም።»

«እንዲጥሉት ማን አለ?»

«ሌላ ማሳተምስ?»

«ዴሻውንን ጠይቄው ነበር። ባዶ ቲሸርት አልቆበታል፤ ለነገ የሚደርስ የለም።»

ሚስ አይዴላ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሆቴል ልብስ ሲያጥቡና ሲተኩሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ይዘውት የመጡትን የዴሻውንን ቲሸርት ገለበጡት፤ አሞስ ጨርቁ ሲንኮሻኮሽ ሰማው።

«ብንገለብጠውስ?» አሉ። «ሥዕሉ ወደ ውስጥ ይግባ። ለኔ ሥጋዬ ላይ ይሁንልኝ፣ እኔና እግዚአብሔር እንወቀው። ውጭውን ደግሞ እሷ ትናገርበት።»

አሞስ ተነሥቶ እጃቸውን ፈለገና ሳመው።

«የትኛውን እናትም?»

«ያችኑ፣ የደረጃዋን።»

«እርግጠኛ ነዎት? በሷ እኮ ነው የተጣላችሁት።»

«ታዲያ በሷ እንታረቅ።»

ድሮ ሲያትሙ ዴልፊን ዓይን ነበረች፣ አሞስ ክንድ። ጨርቅ የተወጠረበትን ፍሬም ቲሸርቱ ላይ ሲያስቀምጥ «ትንሽ ወደ ግራ፣ ወደ ደረትህ፣ በቃ!» ትለዋለች፤ እሱ ቀለሙን በላስቲክ መጥረጊያው ይስባል። አሁን በሷ ቦታ ሚስ አይዴላ ቆሙ።

«ወደ ቀኝ... ቆይ፣ ያንተ ቀኝ ነው የኔ ቀኝ?»

«የርስዎ ይሁን፣ እማማ፣ ብቻ አንዱን ይያዙ!»

የመጀመሪያዋ ተንጋድዳ ወጣች።

«ይቺን ለዴሻውን እንሰጠዋለን» አሉ ሚስ አይዴላ።

ከሰዓት በኋላ ዴሻውን ራሱ መጣ፣ አንገቱን ደፍቶ። የተገለበጡትን ቲሸርቶቹን አየና ምንም ሳይናገር ጃኬቱን አውልቆ ማድረቂያውን ማሽን ያዘ። ቀለሙ እየሞቀ ሲያብጥ አሞስ አንዱን በጣቱ ዳሰሰ፤ ፊደሎቹ ተነሥተዋል። «ዴልፊን ናት» አለ።

ቅዳሜ ቤተክርስቲያኑ ጢም አለ። የሰፈሩ ሰው የተገለበጠውን ቲሸርት ለብሷል፤ የሬሳ ሳጥኗም ቤተሰቡም የገቡት በዚያው በዳገታማው መግቢያ ነው። ከሌላ ከተማ የመጡት ወዳጆቿ የየራሳቸውን የዴልፊን ቲሸርት ለብሰው በዊልቸሮቻቸው ፊተኛውን ቦታ ያዙ። ከነሱ ቀጥሎ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አሞስና ሚስ አይዴላ ተቀመጡ። ፓስተሩ በሕዝቡ ደረት ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበ። ጉሮሮውን ጠረገና «ዴልፊን ዛሬም ሳታስፈቅደን ሰበከችን» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ «እውነት ነው! ንገረን!» እያለ አጨበጨበ። ስለ አውቶብሱም፣ ስለ ደረጃውም ተወራ። ስለ መሄድና ስለ መቆም ግን አንድም ሰው አላነሣም።

በመጨረሻ ኦርጋኑ ተነሣ።

«ሁላችን በእግራችን ቆመን እንዘምር» አለ ፓስተሩ፣ ከልማድ።

ቤቱ በሙሉ በአንዴ ሲነሣ ወለሉ ተንኳኳ። አሞስም ተነሣ፤ ሚስ አይዴላን ለመደገፍ እጁን ወደ ቀኙ ሰደደ፤ ክንዳቸውን አላገኘውም። ድምፃቸው ግን ይሰማል። እየዘመሩ ነው፣ ከታች፣ የቤርኒስ ድምፅ ካለበት ከፍታ ላይ።

የቤተክርስቲያኑ አስተናጋጅ ጎንበስ ብላ «ሚስ አይዴላ፣ ልደግፍዎት? መቆም አቃተዎት?» ስትላቸው ሰማ።

«ኧረ እችላለሁ፣ ልጄ» አሉ። «ከነቤርኒስ ጋር ልሁን ብዬ ነው።»

አሞስ በቆመበት አንድ ስንኝ ያህል ቆየ። ከዚያ አግዳሚ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። ሚስ አይዴላ መዝሙሩን ሳያቋርጡ ትንሽ ጠጋ አሉለት።